ሸክላ፣ ድስት ወይስ የድራፍት በርሜል? የአረቄ ማውጫ ከማሠራትዎ በፊት

የአረቄ ማውጫ ሊያሠራ ምናለሽ ተራ የሚወርድ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሊትር ይይዛል?» ብሎ ነው። ሠሪውም ትልቁን ያሳየዋል፤ ትልቅ ዕቃ ብዙ ብረት ይበላል፣ ብዙ ብረት ደግሞ ብዙ ገንዘብ ነው። ከሊትሩ በፊት ግን መልስ ማግኘት ያለበት ሌላ ነገር አለ። ድፍድፍዎ ከነእህሉ ነው የሚገባው ወይስ ተጠልሎ? ሰፈርዎ ውስጥ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? የሚያነዱትስ ከሰል ነው፣ ጋዝ ነው ወይስ መብራት? ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በእነዚህ መልሶች ላይ የቆመ ነው። የኔን ወገንተኝነት ከወዲሁ ልናገር፤ ማፍያው ዕቃ ንጹሕ እስከሆነና አሲድ እስከቻለ ድረስ ከምን ቢሠራ ብዙም ግድ የለኝም። ገንዘብና ትዕግሥት መዋል ያለበት እንፋሎቱ በሚያልፍበት መዳብና በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ነው።

የምጽፈው ለቤቱና ለበዓሉ ለሚያወጣ ሰው ነው። ለሽያጭ ከሆነ የንግድ ፈቃድና የኤክሳይስ ታክስ ጉዳይ ስላለ፣ ከብረት ሠሪው በፊት የወረዳዎን ንግድ ጽሕፈት ቤት ያነጋግሩ።

ማፍያው ዕቃ

ከሸክላው እንጀምር። እንስራው፣ አፉ ላይ የሚደፋው ክዳን፣ ከክዳኑ የሚወጣው መቃ ወይም ሸምበቆ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተቀመጠው መቀበያ፤ የገጠሩም የከተማውም ካቲካላ ለረጅም ዘመን በዚህ ዕቃ ሲወጣ ኖሯል። ሸክላ ርካሽ ነው፣ ከኮምጣጣ ድፍድፍ ጋር ጠብ የለውም፣ ሙቀቱን ቀስ ብሎ ስለሚቀበልም ወፍራሙ ድፍድፍ ቶሎ አያርበትም። ችግሩ የሚጀምረው ከአፉ ነው። በክዳኑና በእንስራው መካከል ያለው ክፍተት የሚመረገው በሊጥ ወይም በጭቃ ነው፤ ምርጊቱ ደርቆ ሲሰነጠቅ የሚያመልጠው እንፋሎት አልኮል ነው፣ ያውም ከነበልባሉ ክንድ በማይሞላ ርቀት። መቃውም ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም፤ በመቀበያው ዙሪያ ያለው ውሃ ሲሞቅ ደግሞ ከአረቄው የተወሰነው በአየር ይሄዳል። እንዲያም ሆኖ ግቢ ያለው፣ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ለበዓል ብቻ የሚያወጣ፣ ሙያውንም ከእናቱ የተቀበለ ሰው እንስራውን እንዲጥል አልመክርም። መቃውን በመዳብ ቱቦ ይተካ፣ ቱቦውን በውሃ በርሜል ውስጥ ያሳልፍ፤ በትንሹ ወጪ ትልቁን መሻሻል የሚያገኘው እዚያ ላይ ነው።

በየቤቱ ያለው የአሉሚኒየም ድስት እጅ ላይ ስለሚገኝ ብቻ ይመረጣል። የተብላላ ድፍድፍ አሲድ አለው፣ አሉሚኒየም ደግሞ በአሲድ ይበላል፤ ከጊዜ በኋላ ውስጡ በጥቃቅን ጉድጓዶች ይሞላል። መዳብን በአሉሚኒየም ላይ መበየድም ለመንደር ሠሪ የሚሆን ሥራ አይደለም። ይለፉት።

ከ20 እስከ 30 ሊትር የሚይዝ የስቴንለስ ድስት ለጀማሪ የተሻለ ነው። አፉ ሰፊ ስለሆነ እጅ ገብቶ ያጥበዋል፣ አተላው በቀላሉ ይወጣል፣ ከበዓል በኋላም ወደ ወጥ ቤት ይመለሳል። ሲገዙ የታችኛውን ክፍል ያንኳኩ። ሥሥ ድምፅ የሚሰጠው ድስት ከሰል ላይ መሃሉን ያሳርራል፤ መቀመጫው ድርብ የሆነውን ይምረጡ። ማግኔትም ይያዙ፦ ማግኔት የማይስበው ሁሉ ጥሩ ስቴንለስ ነው ማለት ባይሆንም፣ አጥብቆ የሚስበውን ግን ከነዋጋው ይተዉት። የድስቱ ድክመት ክዳኑ ነው። ለወጥ የተሠራ ክዳን እንፋሎት ለመያዝ አልተሠራም፤ ዙሪያውን መመረግና በመቆንጠጫ መያዝ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ድራፍት በርሜሉ። የተለመዱት 30 እና 50 ሊትር የሚይዙት ናቸው። ብረቱ 304 የሚባለው የስቴንለስ ደረጃ ነው፣ ግድግዳው 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል፣ የላይና የታች ቀለበቱ እጀታና እግር ይሆነዋል። ለማፍያነት የተሠራ ቢመስል አይገርምም። መርካቶ ውስጥ ሲያገኙት ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው የማን እንደሆነ ነው። በየድራፍት ቤቱ ያለው በርሜል የቢራ ፋብሪካው ንብረት ነው፤ ባለ ቤቱ ቢራውን እንጂ በርሜሉን አልገዛም። ያለ ደረሰኝ የሚቀርብልዎትን እንደ ተሰረቀ ይቁጠሩት። ፋብሪካዎች ከአገልግሎት ያወጡትን ንብረት በጨረታ ሲሸጡ ከአሸናፊው በደረሰኝ መግዛት ይቻላል። ያ ካልተገኘ የስቴንለስ የወተት ማመላለሻ ዕቃ ይፈልጉ። እንዲያውም ለእኛ ድፍድፍ ከድራፍት በርሜሉ ሳይሻል አይቀርም፤ አፉ ሰፊ ነው፣ ክዳኑም ቀድሞውኑ ገጣሚ ነው።

በርሜሉ በሕጋዊ መንገድ እጅዎ ገባ እንበል። ባዶ ቢመስልም ውስጡ ግፊት ያለው ጋዝ አለ። አፉ ላይ ያለው ቫልቭ ወደ ታች ከሚወርደው ረጅም ዘንግ ጋር የተያያዘ ነው፤ ጋዙ ሳይወጣ ከተፈታ ዘንጉ ወደ ላይ ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል፣ ገድሎም ያውቃል። በርሜሉን ያቁሙ፣ መነጽር ያድርጉ፣ ፊትዎን ከአፉ ትይዩ አርቀው የቫልቩን መሃል በእንጨት ዘንግ ወደ ታች ይጫኑ። ፉጨቱ እስኪያልቅ ይጠብቁ፣ ከዚያም ደግመው ይጫኑ። ማሰሪያ ቀለበቱ የሚነሣው ወይም ጥርሱ የሚፈታው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው። በታሸገ በርሜል ላይ ግራይንደርም ሆነ እሳት የሚያነሣ ሠሪ ካዩ ዕቃዎን ይዘው ይውጡ።

የሚቀጥለው ምርጫ አፉን እንዳለ መተው ወይስ አናቱን መቁረጥ የሚለው ነው። የበርሜሉ አፍ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ስላለው፣ 2 ኢንች የመዳብ ቱቦ በመቆንጠጫ ቀጥ ብሎ ይቆምበታል። መታሸጊያው አንድ ትንሽ ክብ ብቻ ነው፤ ለእንፋሎት ከዚህ የተሻለ የለም። በውጭ አገር ሰዎች ይህን የሚመርጡት በዚያ አፍ የሚያስገቡት እንደ ውሃ የቀጠነ ፈሳሽ ስለሆነ ነው። የእኛ ድፍድፍ ብቅሉም፣ የጌሾው ቅጠልም፣ የዳጉሳው ወይም የበቆሎው ቂጣም አብሮ ያለበት ነው። ያንን በ5 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ አስገብቶ፣ አሳርሮ፣ አተላውን በዚያው ቀዳዳ ለማውጣት መታገል ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል። ስለዚህ ከሁለት አንዱን ይምረጡ። ድፍድፉን በወንፊትና በንጹሕ ጨርቅ ለመጥለል ትዕግሥት ካለዎት አፉን አይንኩት። ከሌለዎት አናቱን ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት አስቆርጠው፣ በልኩ የስቴንለስ ጎድጓዳ ሳህን ገልብጠው ክዳን ያድርጉት፤ የሳህኑ ከንፈር በተቆረጠው ጠርዝ ላይ በመቆንጠጫዎች ይታሰራል። እኔ ብሆን እጠልለዋለሁ። ጨርቅ ከግራይንደር ይረክሳል፣ የተጠለለ ድፍድፍም አያርም።

ለመቁረጥ ከወሰኑ ሠሪው ለስቴንለስ የሚሆን 1 ሚሊ ሜትር ዲስክ መጠቀሙን ይዩ። ጠዋት የግቢ በር ሲቆርጥበት የዋለውን ዲስክና የብረት ብሩሽ ካመጣ፣ የተራ ብረት ብናኝ በስቴንለሱ ላይ ተጣብቆ በሳምንቱ ዝገት ያወጣል፤ በርሜሉ ደካማ ሆኖ እንዳይመስልዎት። ብየዳ ካለ ምርጫው በአርጎን ጋዝ የሚሠራው ነው። አርጎን የሌለው ሠሪ በኤሌክትሮድ መሥራት ይችላል፣ ኤሌክትሮዱ ግን 308 የሚባለው የስቴንለስ መሆን አለበት። ካልጠየቁ በተራው ይበየድልዎታል።

ከላይ እስከ ታች መዳብ የሆነ ማውጫ የሚያምር ነገር ነው፣ እኔም ዓይኔ ያርፍበታል። ሒሳቡን ግን ይሥሩ። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ካሬ ሜትር የመዳብ ላሜራ 9 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። 30 ሊትር የሚይዝ፣ 35 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ዕቃ ከክዳኑ ጋር ግማሽ ካሬ ሜትር ከፍ ያለ ላሜራ ይፈጃል፤ ብጥስጣሹ ሳይቆጠር 5 ኪሎ ግራም ገደማ መዳብ ማለት ነው። መዳብ በኪሎ ስለሚሸጥ ዋጋውን በዕለቱ ጠይቀው ያባዙት። በዚያ ገንዘብ የስቴንለስ ድስት፣ የመዳብ አናት (ከማፍያው አፍ በላይ ቆሞ እንፋሎቱን ወደ ቱቦው የሚመራው ክፍል) እና ረጅም የማቀዝቀዣ ቱቦ ተገዝቶ ይተርፋል፣ አረቄው ላይም የሚታይ ልዩነት አይመጣም።

መዳቡ

ልዩነት የማይመጣበት ምክንያት ይህ ነው። እርሾ እህሉን ሲያብላላ የሰልፈር ውሕዶች ይፈጥራል፤ በመጀመሪያው አረቄ ላይ አንዳንዴ የሚሸተው የተበላሸ እንቁላል ጠረን ከዚያ ይመጣል። መዳብ እነዚህን ውሕዶች ይዞ ያስቀራል፤ በቱቦው ውስጥ የሚታየው ጥቁር ሽፋን የተያዘው ሰልፈር ነው። ይህ ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው እንፋሎቱ በሚነካው ክፍል፣ በአናቱና በቱቦው ውስጥ ነው። ሁለተኛው የመዳብ ጥቅም ሙቀትን ከስቴንለስ 25 እጥፍ ያህል በተሻለ ማስተላለፉ ነው፤ ይህም ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ማቀዝቀዣው ላይ ነው።

ሁለት ዓይነት ቱቦ ያጋጥምዎታል። አንዱ በጥቅል የሚሸጠው፣ የፍሪጅና የአየር ማቀዝቀዣ ጠጋኞች የሚጠቀሙበት ለስላሳ ቱቦ ነው። ሌላው ቀጥ ያለው ጠንካራ ቱቦ ነው። ለሚጠቀለል ማቀዝቀዣ ለስላሳውን፣ ለቆመ አናት ጠንካራውን ይውሰዱ፤ ጠንካራውን እንዳለ ለማጠፍ የሚሞክር ሰው ይሰብረዋል። ስፋቱ ለድስትም ለበርሜልም ግማሽ ኢንች ይሁን። ሩብ ኢንቹ ርካሽ ስለሆነ ይፈትናል፣ ነገር ግን አረፋ ወይም የጌሾ ቅጠል ከገባበት ይደፈናል፤ የተደፈነ ማውጫ ደግሞ ፈንጂ ነው። ግማሽ ኢንቹ በሜትር ሩብ ኪሎ ከፍ ያለ ይመዝናል፣ 6 ሜትሩ ከ1.5 ኪሎ ጥቂት ይበልጣል። ሻጩ በሜትር ሲነግርዎት ይህን ይዘው በኪሎ ያመሳክሩ።

ከአሮጌ ፍሪጅ የወጣ ቱቦ በግማሽ ዋጋ ይቀርብልዎታል። ውስጡ የኮምፕሬሰር ዘይት ያደረበት ስለሆነ አይውሰዱት፤ ቱቦ ውስጥ የገባ ዘይት በሳሙና ብቻ ታጥቦ አያልቅም። ማግኔት የሚስበው ደግሞ መዳብ የተቀባ ብረት ነው። ከኬብል የተላጠ የሚመስል የመዳብ ክምርም አይንኩ፤ የመብራትና የስልክ ኬብል ስርቆት ገዥውንም የሚያስጠይቅ ወንጀል ነው።

ቱቦውን ለመጠቅለል ሦስት መንገድ አለ። የማጠፊያ መሣሪያው ለአንድ ሁለት እጥፋት ግሩም ነው፣ ለስድስት ሰባት ዙር ጥቅል ግን አይመችም። ከቱቦው ውጪ የሚለበሰው የማጠፊያ ስፕሪንግ ረጅም ቱቦ ላይ ያለፋል። አሸዋው ያረጀ ዘዴ ቢሆንም ለጥቅል አቻ አላገኘሁለትም። ጥሩ አሸዋ ይንፉ፣ ምጣድ ላይ ያድርቁት፣ ቱቦውን እያንኳኩ እስኪጠጥር ይሙሉት፣ ሁለቱን ጫፎች በእንጨት ውታፍ ይድፈኑ፤ ከዚያም 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርድ ባለው ግንድ ላይ ቀስ ብለው ይጠቅልሉት። «ምጣድ ላይ ያድርቁት» ያልኩት ለወግ አይደለም። ቱቦው ከነአሸዋው እሳት ከነካው ውስጡ የቀረው እርጥበት እንፋሎት ሆኖ ውታፉን ይተኩሰዋል። ሲጨርሱ አሸዋውን አራግፈው በውሃ ግፊት ያጥቡት፤ አንድ ሙሉ ቀን ቢወስድም ይጨርሱት።

መዳብ ሲመታና ሲታጠፍ ይጠነክራል። ሥራውን የሚያውቅ ሠሪ ይህን በጆሮው ይለየዋል፤ ለስላሳ መዳብ በመዶሻ ሲመታ የታፈነ ድምፅ ይሰጣል፣ ሲደርቅ መጮኽ ይጀምራል። በዚያን ጊዜ መምታቱ ቆሞ መዳቡ ጥላ ውስጥ ደብዛዛ ቀይ እስኪሆን ይሞቃል፤ ውሃ ውስጥ ቢነከርም እንደ ብረት አይጠነክርም፣ ይልቁንም ልስላሴው ይመለሳል። ድምፁ ከተቀየረ በኋላ የሚመታ ሰው ጠርዙን ይሰነጥቀዋል። ሠሪ ሲመርጡ ይህን ሲያደርግ ማየት ከማንኛውም ምስክር ይበልጣል።

አናቱ ከሰፊ አፍ ወደ ግማሽ ኢንች ቱቦ መጥበብ አለበት። የተዘጋጀ ማጥበቢያ ከተገኘ ይግዙት፤ ትልልቁ መጠን ግን እንደ ልብ አይገኝም። የቱቦውን ጫፍ በሦስት ማዕዘን እየቀደዱ ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ መቆልመምም ይቻላል፣ ነገር ግን ብዙ መገጣጠሚያ ስለሚፈጥር አልወደውም። የሚሻለው ከላሜራ የተቆረጠ ሾጣጣ ነው፣ መገጣጠሚያው አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ። ልኩን ለማግኘት የሾጣጣውን የታችኛ ክብ ግማሽ ወርድ ለዘንባላ ጎኑ ርዝመት አካፍለው በ360 ያባዙ። 20 ሴንቲ ሜትር ወርድ ላለው፣ ጎኑ 25 ለሆነ ሾጣጣ 10ን ለ25 አካፍለን በ360 ስናባዛ 144 ዲግሪ ይመጣል፤ ይህ ግማሽ ወርዱ 25 ከሆነ ክብ ላይ የሚቆረጠው ቁራጭ ማዕዘን ነው። በመጀመሪያ በካርቶን ይቁረጡት። ካርቶኑ ሳይገጥም መዳቡ አይገጥምም።

መገጣጠሚያው

እዚህ ላይ ነው ጤና የሚጠፋው። መርካቶ ውስጥ በቀላሉ የሚገኘው የኤሌክትሮኒክስ ማጣበቂያ ሽቦ በአብዛኛው እርሳስ አለበት። እርሳስ በሞቀ አልኮልና አሲድ ውስጥ ይሟሟል፣ ሰውነት ውስጥም ይጠራቀማል። በዚሁ ምክንያት የመኪና ራዲያተርን ማቀዝቀዣ ማድረግ ፈጽሞ አይታሰብም፤ መገጣጠሚያዎቹ በእርሳስ የተሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ውስጡም መርዛም የማቀዝቀዣ ፈሳሽ የኖረበት ነው። የዚንክ ሽፋን ያለው የውሃ ቧንቧም አሲዱ ሽፋኑን ስለሚልሰው ከእንፋሎቱ መንገድ ይውጣ።

የሚቀሩት አማራጮች እነዚህ ናቸው። እርሳስ የሌለው፣ በዋናነት ከቆርቆሮ (ቲን) እና ከጥቂት ብር ወይም መዳብ የተሠራው ማጣበቂያ 220 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ለአናቱና ለቱቦው ይበቃል፣ ምክንያቱም እንፋሎቱ 100 ዲግሪ አይደርስም። ነበልባል ወደሚልሰው ክፍል ግን አይጠጋ። የፍሪጅ ጠጋኞች የሚጠቀሙበት ፎስፈረስ ያለው የመዳብ ዘንግ መዳብን ከመዳብ ጋር ያለ ፍላክስ (ብረቱን አጽድቶ ማጣበቂያው እንዲይዝ የሚቀባ ነገር) አጥብቆ ይይዛል፤ ጠጋኙ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው እሱን ስለሆነ እጁ የጸዳ ነው። እሱው ዘንግ በስቴንለስ ላይ ሲውል ግን መገጣጠሚያው ተሰባሪ ይሆናል። ጠጋኙ «ይይዛል» ቢልዎትም አይቀበሉት፤ ያን ዕለት ይይዛል። መዳብን ከስቴንለስ ጋር የሚያጋባው ብር የበዛበት ዘንግ ከፍላክስ ጋር ነው፤ ሲገዙ ካድሚየም የሚባለው መርዘኛ ብረት የሌለበት መሆኑን ይጠይቁ። የብር ብየዳ ስስ እጅ የሚፈልግ ሥራ ነው። ድሮ ፒያሳ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ጎራ ማለት ይቻል ነበር፤ በ2016 አካባቢው ከፈረሰ ወዲህ ብዙ ሱቆች ተነሥተዋል፣ ሠሪው የት እንደሄደ መጠየቅ ይጠይቃል።

ይህን ሁሉ ለማምለጥ የሚያስችል መንገድም አለ፦ መዳቡንና ስቴንለሱን ጨርሶ አለመበየድ። በክዳኑ ላይ ቀዳዳ አስበስተው በጥርስ የሚታሰር ኒፕልና ዩኒየን (አጭር የቧንቧ ማያያዣና የሚፈታ መገጣጠሚያ) ከሁለት ወገን በሮንዴላ ቢያጠብቁ፣ ዕቃው ለማጠብ ይፈታል፣ አንዱ ክፍል ሲያረጅም ለብቻው ይቀየራል። የነሐስ ኒፕል ጥቂት እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል የስቴንለሱን ያስቀድሙ። እኔ ሁልጊዜ የምመርጠው ይህን ነው።

ለማሸጊያ የጎማ ጓርኒሲዮን የመጀመሪያው ሐሳብ ይሆናል፤ ተራ ጎማና የፕላስቲክ ቱቦ ግን በትኩስ አልኮል እንፋሎት ይሟሟሉ፣ ጣዕማቸውንም ወደ መጠጡ ይሰጣሉ። ቴፍሎን ይችላል። ሊጡስ? የእናቶቻችን ሊጥ እስከ ዛሬ አልተሸነፈም። አይመርዝም፣ ርካሽ ነው፤ ከሁሉም በላይ ቱቦው ቢደፈን ከብረቱ በፊት ይለቃል፣ ማስተንፈሻ ቫልቭ ማለት ነው። ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ አጠገቡ ይሁኑ፣ እርጥብ ሊጥም በእጅዎ ይኑር።

ማቀዝቀዣው

ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቀጥ ያለ ቱቦ ሆኖ በሌላ ሰፊ ቱቦ የተሸፈነ ነው፤ በመሃላቸው የቧንቧ ውሃ ያለማቋረጥ ይፈሳል። ሌላው በውሃ በርሜል ውስጥ የተጠመጠመ ጥቅል ነው። የመጀመሪያው ለመሥራት ቀላል፣ ለማጠብም ምቹ ነው፤ ውሃው እስከፈሰሰ ድረስ እንከን የለውም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት አዲስ አበባ ይህ «እስከፈሰሰ ድረስ» የሚለው ሐረግ ሁሉን ያበላሸዋል። ውሃው መሃል ላይ ቢቋረጥ ትኩሱ እንፋሎት ሳይቀዘቅዝ በመቀበያው በኩል ወደ ቤቱ ይወጣል፣ እሳቱም እዚያው ነው።

ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ለሚያወጣ ሰው ምርጫው ጥቅሉና በርሜሉ ነው፤ እዚህ ላይ አልደራደርም። 200 ሊትር በርሜል አንዴ ከተሞላ 5 ሊትር አረቄ እስኪወጣ ድረስ የውሃው ሙቀት በአማካይ የሚጨምረው 10 ዲግሪ ባልሞላ ነው። በ20 ሊትር ባልዲ ይህንኑ ቢሞክሩ ውሃው ሊፈላ ይቃረባል፤ መሃል ላይ ደጋግሞ መቀየር ግድ ነው። ሙቁ ውሃ ላይ ስለሚንሳፈፍ ቀዝቃዛውን ከታች እየጨመሩ ሙቁን ከላይ ይቅዱ፤ ለእንስራና ለድስት ማጠቢያ ይሆናል። ጥቅሉ ከላይ እስከ ታች ሳያቋርጥ መውረድ አለበት። አንድ ቦታ እንኳ ወደ ላይ ካበጠ ፈሳሹ እዚያ ተቋጥሮ አረቄው ዘሎ ዘሎ ይወጣል፣ ግፊቱም ከፍ ዝቅ ይላል።

አንድ የማይረሳ ነገር፦ የቱቦው ጫፍ መቀበያው ውስጥ በወጣው አረቄ አይጠልቅ። መብራት ጠፍቶ ምድጃው ሲቀዘቅዝ ማፍያው ውስጥ ያለው እንፋሎት ይኮማተራል፣ የጠለቀውም ጫፍ አረቄውን ወደ ኋላ ይስባል፤ ሥሥ ዕቃ ከሆነ ጎኑ ሊገባ ይችላል።

እሳቱና ቴርሞሜትሩ

ቴርሞሜትር ካስገጠሙ በውጭ አገር መመሪያ አይመሩ። አልኮል በባሕር ጠለል የሚፈላው 78 ዲግሪ ላይ ነው። መርካቶ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል እዚህ ንጹሕ አልኮል 71 ዲግሪ፣ ውሃም 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። «78 አልደረሰም» ብሎ እሳት የሚጨምር ሰው ድፍድፉን ሳያስፈልግ ያቃጥለዋል። በርግጥ ሙያ ያላት ሴት ቴርሞሜትር አትፈልግም፤ እጇን ቱቦው ላይ አድርጋ ታውቀዋለች።

ከከሰል፣ ከጋዝና ከመብራት ነበልባል የሌለው መብራቱ ይሻላል፤ ለመቆጣጠርም ቀላል ነው። በ2 ኪሎ ዋት ምድጃ 40 ሊትር ለማፍላት ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ ስለዚህ ለ50 ሊትር በርሜል ትዕግሥት ይያዙ። በከሰል የሚሠራ ሰው መቀበያውን ከምድጃው በደንብ ያርቅ፤ የአልኮል እንፋሎት ከአየር ስለሚከብድ ወለሉን ይዞ ይሄዳል። ኮንዶሚኒየም ኩሽና ውስጥ በምንም ዓይነት እሳት አይሞከርም። በጥቅምት 2017 የመርካቶ ሸማ ተራውን ቃጠሎ ያየ ሰው በተጠጋጉ ቤቶች መካከል እሳት እንዴት እንደሚሄድ አይነገረውም። የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ ቁጥር 939 ነው። ማፍያው ከሦስት አራተኛ በላይ አይሞላ፤ ቀሪው ለአረፋው ነው።

የመጀመሪያውን ቅጂ መድፋት ልማድ ይሁን፤ ከ40 ሊትር ድፍድፍ ሩብ ሊትር ያህሉ መጥፎ ጠረን ያለው ነውና ለምላስ አይሆንም። ይህ ግን ድፍድፉ የእህል ሲሆን ነው የሚሠራው። የፋብሪካ አልኮል ወይም ለማቃጠያ የተሸጠ ስፒሪት ተቀላቅሎ ከሆነ የትኛውም መዳብ አያጠራውም፣ ውስጡ ያለው ሜታኖል የሚባለው መርዘኛ አልኮል እስከ መጨረሻው ጠብታ ይከተላል።

አዲሱ ማውጫ ከሠሪው እንደመጣ አረቄ አይገባበትም። ፍላክሱ፣ ጥቀርሻውና የእጅ ቅባቱ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ይታጠባል፣ የመዳቡ ውስጥ በሎሚና በጨው ይፈተጋል። ቀጥሎ 10 ሊትር ውሃ ላይ አንድ ሁለት ሊትር አቼቶ ጨምረው እንደ ድፍድፍ ያፍሉት፣ እንፋሎቱም በቱቦው ሁሉ ይውጣ፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ይድገሙት። በመጨረሻ ጥቂት ተራ አረቄ በውሃ አቅጥነው ያውጡና የወጣውን ሁሉ ይድፉት። ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ ቱቦው በውሃ ታጥቦ፣ ውሃው ተራግፎ፣ ሁለቱም ጫፎቹ ክፍት ሆነው ይሰቀል፤ እርጥብ ሆኖ የታሸገ መዳብ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፣ ያ ዝገት መርዝ ስለሆነ ከሚቀጥለው በዓል በፊት እንደገና በአቼቶ መታጠብ አለበት።